መብራት ሲጠፋ፤ ከገዳሪፍ መንገድ

መተማ ዮሐንስን ከጋላባት የሚለያቸው ደረቅ ወንዝና አንድ አጭር ድልድይ ነው። ጊዜው ኅዳር ነበር፤ የሱዳን ጦርነት ገና አልተነሳም ነበር። ከጋላባት እስከ ገዳሪፍ ባለው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ግራና ቀኙ ሰሊጥ ነው፤ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በሚሉት ክምር በየቦታው ቆሟል። አፈሩ ከመተማው ጋር አንድ ነው፤ መረሬ። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ከዚሁ ስንጥቅና ከግራሩ ሥር ነው የምትኖረው። አብረውኝ ሎሪው ላይ የተጫኑት ልጆች ከደጋ ለአጨዳ የወረዱ ነበሩ።

ገዳሪፍ ያደርኩበት ግቢ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ነው። ከግቢው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በደርግ ጊዜ ተሰደው የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ጠዋት ዳዊት ሲደግሙ አየኋቸው። በርጩማቸውን ግድግዳው ድረስ አስጠግተው፣ ማጅራታቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ነው የሚያነቡት። አንገታቸውን የሚያማቸው መስሎኝ ዝም አልኩ።

ማታ መብራት ጠፋ። ጋሼ ጆግ ይዘው ከቧንቧው ወደ ክፍላቸው እየተመለሱ ነበር። የእጅ ስልኬን አብርቼ ስወጣ ግቢው መሃል ቆመዋል፤ እግራቸውን አንፈራጠው፣ ባዶ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ልክ ጠባብ ግንብ ላይ እንደወጣ ሰው። ጆጉ ውስጥ ያለው ውሃ ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ፣ ትከሻህን አቅርብልኝ» አሉ። እጃቸው ሲያርፍብኝ ክብደታቸው ሁሉ አብሮ መጣ።

«ዓይንዎን ያምዎታል?»

«ዓይኔስ ደህና ነው። መሬቱ ነው የሚጠፋብኝ።»

ተቀምጠን ነገሩኝ። በወጣትነታቸው የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን ተወጉ። ሳንባቸው ዳነ። በሁለተኛው ወር ግን አልጋው እንደ ጀልባ ይዋልል ጀመር፤ ቀስ በቀስ መዋለሉ ሲቆም ይኸኛው ቀረ። ቀን ቀን እየተራመዱ የሱቅ ሰሌዳ ማንበብ አይችሉም፤ ፊደሉ ከእርምጃቸው ጋር ይዘላል። ቆመው ወይም ተቀምጠው ካልሆነ ሰላምታ የሚሰጣቸውን ሰው ፊት እንኳ አይለዩም። በዚህ የተነሳ ኩሩ ናቸው ተብለው የታሙበት ጊዜ እንዳለ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

የጋሼ ነገር የደረሰበት ሌላ ሰውም ነበር። አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በጉልበቱ ነቀርሳ ምክንያት ይህንኑ መድኃኒት ተወግቶ ሚዛኑን አጥቷል፤ ታሪኩንም እ.ኤ.አ. በ1952 በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፏል። የልቡ ትርታ ራሱን ስለሚነቀንቀው ፊደሉ ይደበዝዝበት ነበርና፣ ለማንበብ ጭንቅላቱን የአልጋው ራስጌ ብረቶች መሃል ይሸጉጥ ነበር። የጋሼን ግድግዳ የተረዳሁት ይህን ሳስታውስ ነው።

ነገሩ ያለው ከጆሮ ውስጠኛው ክፍል ነው። እዚያ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቅስት ቱቦዎችና ሁለት ከረጢቶች አሉ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሲቀርም ፀጉራም ሕዋሳት የሚባሉትን፣ አናታቸው ላይ ቀጫጭን ዘንግ ያበቀሉትን፣ ነፋስ ሰሊጥ እንደሚያጎነብስ ያጎነብሳቸዋል። ዘንጉ ሲጎነብስ ሕዋሱ ለነርቭ ይናገራል፤ ዓይንም ጭንቅላት ወደዞረበት ተቃራኒ በቅጽበት ዞሮ ያየውን ይዞ ይቆያል። ስትሬፕቶማይሲን ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ይገድለዋል። የሞተውን ደግሞ የሰው ጆሮ አይተካም ማለት ይቻላል። ጋሼ ቀን የሚሄዱት በዓይናቸውና በእግራቸው መዳፍ ነው፤ ሲጨልም ዓይን ይቀራል።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ የምትጭር ዶሮ እያየሁ አንድ ነገር ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች የወፍ ዘር ፀጉራም ሕዋሱ በጩኸት ወይም በመድኃኒት ሲሞትበት በሳምንታት ውስጥ አዲስ እንደሚያበቅል ደርሰውበታል። ጋሼ ዶሮዋን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

ከዚያ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲውን ነገር አመጣሁ። እዚያ ካርል ኮለርና ኤሪ ሀሺኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር ግንደ ሕዋሳትን፣ ማለትም ገና ምን እንደሚሆኑ ያልወሰኑ ሕዋሳትን፣ ከአይጥ ፅንስ ወስደው አሳደጉ። በሳህን ላይ አልዘረጓቸውም፤ በፈሳሽ ውስጥ ድብልብል ሆነው እንዲንሳፈፉ ተዋቸው። ፅንስ ውስጥ ጆሮ ሲሠራ የሚፈሱትን መልእክተኛ ኬሚካሎች ደግሞ በተራቸውና በሰዓታቸው ጨመሩላቸው። ከዚያ በኋላ ሕዋሳቱ ራሳቸውን አደራጁ፤ ከረጢት ሠሩ፣ ከረጢቱ ውስጥ ፀጉራም ሕዋስ በቀለ፣ ነርቮችም መጥተው ተያያዙት። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ የበቀሉት ሕዋሳት ዓይነት ነው፤ የመስሚያው ሳይሆን የሚዛኑ ሕዋሳት ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ያንኑ በሰው ግንደ ሕዋስ ደገሙት፤ የሰውኛው ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል።

«ሁለት ወር» አሉ ጋሼ። የተወጉበት ዘመን ልክ ነውና ቁጥሩን ደጋግመው አሉት።

ያልሆነ ተስፋ እንዳልሰጣቸው ፈራሁ። እነዚህ ሕዋሳት ሰው ጆሮ ውስጥ ገብተው ያዳኑት በሽተኛ የለም። ቦታው ከአተር እምብዛም የማይበልጥ፣ በአጥንት የተከበበ ነው፤ የገባው ሕዋስ በትክክለኛው አቅጣጫ መቆም፣ ከነርቭ መያያዝ፣ ወደ ዕጢም አለመለወጥ አለበት። ዛሬ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ሌላ ነው፤ አዲስ መድኃኒት ሰው ከመወጋቱ በፊት የበቀለው ሕዋስ ላይ ጠብ አድርጎ መርዝነቱን ማየት።

ይህ ለገዳሪፍ የሩቅ ነገር አይደለም። ካላዛር የያዘው የሰሊጥ ሠራተኛ በዚህ አካባቢም፣ በእኛ መተማም ለዓመታት ሲወስደው የኖረው የተለመደ ሕክምና ለ17 ቀን በየቀኑ ሁለት መርፌ ነው። ከሁለቱ አንዱ ፓሮሞማይሲን ይባላል፤ ከስትሬፕቶማይሲን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ካላዛር ካልታከመ ይገድላልና መርፌው ሕይወት ነው፤ ብዙዎቹም ያለ ጉዳት ያልፉታል፤ አንዳንዶቹን ግን ጆሯቸውን ይነካቸዋል። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተሞከረ ሌላ ሕክምና አንዱን መርፌ በሚልቴፎሲን እንክብል ተክቶ ቀኑን ወደ 14 አውርዶታል። ፓሮሞማይሲን ግን እዚያም አለ። ሎሪው ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው የተኙት ልጆች ትዝ አሉኝ፤ ከመካከላቸው የሚታመመው ጆሮውን ከፍሎ እንዳይድን እፈልጋለሁ።

በሦስተኛው ማታ እንደገና ጨለመ። ጋሼ ሳይጠሩኝ ሄጄ ቆምኩላቸው፤ እጃቸው ትከሻዬን አገኘ። ግማሽ ግቢ እንደሄድን ቆም አሉ።

«ያ ያልከኝ ሕዋስ» አሉ፣ «ሲደርስ በመርፌ ነው የሚሰጡት?»

«ገና ነው፣ ጋሼ። እንዴት እንደሚሰጡት እነሱም ገና አልቆረጡም።»

«ብቻ በመርፌ ቢሆንም እወጋለሁ» አሉና እግራቸውን አንፈራጠው ቀጣዩን እርምጃ አነሱ።