መኪናህን አልብሳት

«ከመኪናችሁ የፊት መስታወት ላይ በረዶ ፍቃችሁ ታውቃላችሁ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ፣ ብዙዎቻችሁ ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ዘመዳችሁ ትዝ ይላችኋል። እኔም እንደ እናንተው ነበርኩ። በ2010 ዓ.ም. የታኅሣሥ ወር ግን በገዛ አገራችን፣ በደቡብ ወሎ ደጋ ላይ፣ ይኸው በረዶ እኔንና ባለቤቴን ሊያጠፋን፣ ከእኛም ይልቅ ምንም የማታውቅ አንዲት ሕፃን ሊያስጠፋን ነበር።

የባለቤቴ ታናሽ እህት መካነ ሰላም ከተማ ወልዳ ነበር። «አራስ ሳንጠይቅ ወሩ አይለቅ» ተባባልንና በአሮጌዋ ኮሮላችን ከአዲስ አበባ ተነሥተን በደሴ በኩል ሄድን። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ይህ ቦረና በደቡብ ኢትዮጵያ ካለው ቦረና የተለየ የወሎው ቦረና ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት የደንቆሮ ጫካ አለ። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ አገሩ ቁልቁል ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ገንፎውን በልተን፣ ሕፃኑን ታቅፈን፣ ሁለት ቀን በደስታ አሳለፍን።

«ሰማዩ ጠርቷል»

ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ተነሥተን ስለነበር ለገምቦ ወረዳ አቀስታ ላይ መሸብን። ዕቅዴ በማግስቱ ማልደን ተነሥተን፣ በጉጉፍቱ አድርገን ደሴ ቁርስ በልተን፣ ከዚያም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን በዚያው ቀን አዲስ አበባ መግባት ነበር። ያረፍንበት አልጋ ቤት ዘበኛ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ነበሩ። መኪናዋን ሜዳው ላይ ሳቆም ቀና ብለው ሰማዩን አዩና፣

«ልጄ፣ መኪናህን አልብሳት። ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል» አሉኝ።

«አባባ፣ መኪናን ደግሞ ምን ይበርዳታል!» ብዬ ሳቅሁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። «የአገሩን ነገር የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ብናለብሳት ምን አለበት?» አለች። ደክሞኝ ስለነበር ገብቼ ተኛሁ።

ሽማግሌው እውነት ነበራቸው። አባቶቻችን የአገራችንን የአየር ጠባይ በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ከከፈሉ በኋላ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን ከፍተኛ ቦታ «ውርጭ» ብለውታል። አየሩ 1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ደግሞ ሰማዩ ደመና የለውም። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ እርሱ ሲገፈፍ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠፈር ትለቃለች። ወደ ሰማይ የተንጋለለ የመኪና መስታወትም ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። በዙሪያው ያለው እርጥበት ያርፍበትና አመዳይ ይሆናል። ለዚህ ነው በረንዳ ሥር ያደረ መኪና ሳይነካ፣ አጠገቡ ሜዳ ላይ ያደረው ነጭ ሆኖ የሚገኘው። የዚያ አገር ገበሬ ገብሱን በጥቅምት ውርጭ ስለሚመታበት የጠራ ሰማይን በጥርጣሬ ያያል። እኔ ግን «እንዴት ያምራል!» ብዬ ነበር የተኛሁት።

አንዲት ሳህን የምታክል ቀዳዳ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስወጣ መስታወቱ ነጭ ብርጭቆ ወረቀት መስሏል። የፈላ ውኃ ለምኜ አመጣሁ። ልደፋው ስል ሽማግሌው እጄን ያዙ። «ተው ልጄ፣ ይሰነጠቃል!» አሉ። በእርግጥም የቀዘቀዘ መስታወት የፈላ ውኃ ሲነካው አንዱ በኩል በድንገት ሲለጠጥ ሌላው እንደተኮማተረ ስለሚቀር ይሰነጠቃል። ዝናብ መጥረጊያውን ባስነሣው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ስላደረ የአንዱ ላስቲክ ተቀደደ። ማሞቂያውን ብከፍተው ቀዝቃዛ አየር ነፈሰ። ለካ ከዓመት በፊት ሞተሩ ሲግልብን አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎት ኖሯል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ አገር ቶሎ አይሞቅም፤ ሞተሩ ካልሞቀ ደግሞ ማሞቂያው ከየት አምጥቶ ይሙቅ?

በመጨረሻ የባንክ ካርዴን አውጥቼ በእኔ በኩል አንዲት ሳህን የምታክል ቦታ ፋቅሁ።

«በእኔ በኩልስ?» አለች ባለቤቴ።

«አንቺ አትነጂ!»

«ግማሽ ሰዓት ብንጠብቅ እኮ ፀሐይ ትወጣለች።»

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ ግቢ» አልኳት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት እናውቀዋለን፤ መሪ ስንይዝ ግን ይጠፋናል።

ከአቀስታ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ወደ ምሥራቅ ነው። ጥቂት እንደሄድን አንድ መታጠፊያ ዞርንና ገና የወጣችው ፀሐይ ፊት ለፊት መጣችብን። በመስታወቱ ላይ የቀረው አመዳይ ሁሉ በአንድ ጊዜ አበራ። ቀዳዳዬም ጠፋች። አጠራለሁ ብዬ የመስታወት ማጠቢያውን ተጫንኩ። ጋኑ ውስጥ የነበረው ተራ የቧንቧ ውኃ ነው። የረጨው ውኃ በቀዘቀዘው መስታወት ላይ እንደተዘረጋ፣ ነፋሱ ሲመታው እዚያው በረዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ ምንም አላየሁም።

ባለቤቴ በእርሷ በኩል ጭራሽ ስለማይታይ የጎኑን መስኮት ዝቅ አድርጋ አንገቷን አውጥታ ነበር። «ቁም! ልጅ!» ብላ ጮኸች። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ተንሸራትታ ቆመች።

ስወርድ ዐሥር ዓመት የምትሆን ልጅ ገብስ የተጫኑ ሦስት አህዮች እየነዳች ከፊታችን ትሻገራለች። በመካከላችን ሁለት ሜትር ቢኖር ነው። ምን እንዳመለጣት አላወቀችም። «እንደምን አደራችሁ» ብላን አህዮቿን ቸብ ቸብ እያደረገች ወደ ገበያዋ ሄደች። እኔ መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከውጭ ውርጭ፣ ከውስጥ ጉም

መኪናዋን ከመንገድ አውጥተን፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርተን ተቀመጥን። ከዚያ ምን የሆነ ይመስላችኋል? ተጣላን። እርሷ «ነግሬህ ነበር» አለች፤ እኔ ጥፋቴን እያወቅሁ መካኒኩን ወቀስኩ። ብርዱን ፈርተን መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተን ነበር። ጥቂት እንደተከራከርን ቀና ስል በውጭ በኩል ፀሐይ ውርጩን እያቀለጠችው ነው፤ መስታወቱ ግን አሁንም አያሳይም። በጣቴ ብነካው እርጥብ ነው። በውስጥ በኩል በራሳችን ትንፋሽ ታፍኗል።

ባለቤቴም አየችው። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ እርሷ በእርሷ በኩል፣ እኔም በእኔ በኩል መስኮት ከፈትን። «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ልሰማሽ ይገባኝ ነበር» አልኳት። በደረቅ ጨርቅ እርሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ ጠረግን። የጠበቅነው ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ጠዋት የከለከልኳት ያንኑ ነበር።

ኋላ እንዳነበብኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ለዝናብ መጥረጊያ የፈጠራ መብት ያገኘችው ሜሪ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት ናት። ሐሳቡ የመጣላት በኒው ዮርክ ከተማ በክረምት ስትጓዝ፣ የትራም ነጂው በረዶው ስለጋረደው የፊቱን መስኮት ከፍቶ በብርድ ሲነዳ አይታ ነው። ያን ሳነብ አንገቷን በመስኮት ያወጣችው ባለቤቴ ታየችኝ።

ወደ ደጋ ለምትወጡ

ደሴ ቁርስ ላይ ያገኘነው አንድ የአይሱዙ ሾፌር ታሪካችንን ሰምቶ፣ «አረቄ ብትረጩበት ወዲያው ይለቅ ነበር» አለን። እኛ ቤት አረቄ እንደማይገባ ስንነግረው ሳቀና «እንግዲያው የፋርማሲውን አልኮል ያዙ» አለ። ሥራው አንድ ነው፤ አልኮል ውኃ በሚረጋበት ብርድ አይረጋም። ከእርሱና ከሌሎች የተማርነውን እነሆ፦

ማታ መስታወቱን በብርድ ልብስ፣ በጆንያ ወይም በካርቶን ሸፍኑት። የመጥረጊያዎቹን ክንዶች ከመስታወቱ አንሥታችሁ አሳድሯቸው። ከተቻለ በረንዳ ወይም ዛፍ ሥር አቁሙ፤ ካልሆነም የመኪናውን ፊት ወደ ምሥራቅ አድርጉ፤ የማለዳዋ ፀሐይ ትሠራላችኋለች።

ጠዋት የፈላ ውኃ አትድፉ። በፕላስቲክ ነገር ፋቁ፤ ብረት መስታወቱን ይጭራል። ሁለት እጅ አልኮልና አንድ እጅ ውኃ በመርጫ ይዛችሁ ብትረጩ አመዳዩ ቶሎ ይለቃል፤ ነገር ግን አልኮል ተቀጣጣይ ነውና ከእሳት አርቁት። ማጠቢያው ጋን ውስጥም ተራ ውኃ ሳይሆን ለብርድ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይኑር።

እየነዳችሁ ሳለ የማሞቂያውን ነፋስ ወደ መስታወቱ አድርጉ። አየሩን ከውጭ አስገቡት፤ የውስጡ አየር ብቻ ሲዞር ትንፋሻችሁ ይታመቃል። ኤሲ ለሙቀት ጊዜ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን፤ ሥራው ግን አየሩን ማድረቅም ስለሆነ ከማሞቂያው ጋር ቢከፈት ጉሙን ያጠፋል። ድንገት ካልታያችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ አራቱን ፍሬቻ አብሩ፣ ከመንገድ ወጥታችሁ ቁሙ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠራ አትነሡ። በጀርመን አገር ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ፍቆ መንዳት በሕግ ያስቀጣል። ደጋው መንገድ ላይ ግን ቅጣት ምት ከሚጽፍ ፖሊስ በፊት የምታገኙት አህያ የምትነዳ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

በዚያው ቀን ደሴ ገበያ ገብተን በበግ ጠጉር የተሠራ አንድ ወፍራም ባና ገዛን። ቴርሞስታቱንም አዲስ አበባ እንደገባን አስገጠምን። ባናው እስከ ዛሬ ከመኪናችን ኋላ አይወጣም። ደጋ አገር ባደርን ቁጥር፣ መብራት ከማጥፋታችን በፊት ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፦

«አለበስካት?»

ካላለበስኳት ተነሥቼ እወጣለሁ።