ጨዋታ ከሌለ ክፍያ የለም

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «አስተማሪ ነኝ» እላለሁ። ቅዳሜና እሑድስ ምን ትሠራለህ ካለኝ ግን ትንሽ አመነታለሁ። «ዳኛ ነኝ» ስለው ቀና ብሎ ያየኛል፤ ምናልባትም ዓመታት የፈጀ የውርስ ክርክር ትዝ ብሎት ሊያማክረኝ ይቃጣዋል። «የኳስ» ብዬ ሳክልበት ፊቱ ይፈታል። «አሃ፣ ከሌቦቹ ነህ በለኛ!» ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ አብሬ ስስቅ ኖርኩ። ከዚያ ሳቅ በስተጀርባ ያለውን ነገር ግን እስከ ዛሬ በጽሑፍ አውጥቼው አላውቅም።

አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ስም ነው የሰጠው። ችሎት ላይ የተቀመጠውም ዳኛ ነው፤ ጭቃ ውስጥ የሚሮጠውም ዳኛ ነው። ሁለቱም አደራ አለባቸው፤ ሁለቱም ሲፈርዱ አንዱ ወገን ይረግማቸዋል። አንድ ልዩነት ግን አለ። የፍርድ ቤቱ ዳኛ «መዝገቡ ለጥቅምት 12 ተቀጥሯል» ብሎ ሲነሣ ከደመወዙ ሰባራ ሳንቲም አይቀነስበትም። የሰፈር ኳስ ዳኛ ጨዋታውን ሲቀጥር ግን የዕለት ክፍያውን ራሱ በራሱ ላይ ሰረዘ ማለት ነው።

ስለ ትልልቆቹ ዳኞች አይደለም የማወራው። ሥዩም ታረቀኝ በ1970 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ፣ ቢጫና ቀይ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ በዋለበት ውድድር ዳኝተዋል። ባምላክ ተሰማ በ2018 ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። ሊዲያ ታፈሰ የመድኃኒት ባለሙያ ሆና ሳለ በ2015 ለካናዳው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ ነበረች። እነዚህ መኩሪያዎቻችን ናቸው። የእኔ ወሬ ከእነሱ በብዙ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ጎሉ መረብ ስለሌለው «ገብቷል፣ አልገባም» ተብሎ ግማሽ ሰዓት ስለሚያከራክር፣ የማዕዘን ባንዲራው እንጨት ላይ የታሰረ ፌስታል ስለሆነበት ሜዳ ነው።

የሰፈር ውድድር የሚካሄደው በክረምት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ልጆች ሥራ ይፈታሉ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ይሰበሰቡና «ልጆቹ አልባሌ ቦታ ከሚውሉ» ብለው ዋንጫ ይገዛሉ። ችግሩ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰማዩ በሚከፈትበት ወቅት መሆኑ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ እንዴት እንደምትዘንብ ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እንግዲህ እኛ የዓመቱን ውድድር ሁሉ አምጥተን የምንቆልለው እነዚሁ ሁለት ወራት ላይ ነው።

ጨዋታ የሚያራዝመው ደግሞ ዝናብ ብቻ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ሰው ያርፍና ሜዳው ዳር ድንኳን ይተከላል፤ ለቅሶ እያለ ኳስ አይታሰብም። ቀበሌው ሜዳውን ለስብሰባ ይፈልገዋል። ያለችው አንዲት ኳስ አጥር ላይ ያለ ቆርቆሮ ትነካና ትተነፍሳለች። አንዱ ቡድን ስድስት ሆኖ ይመጣል፤ ሕጉ ደግሞ ከሰባት ተጫዋች በታች ይዞ መጀመር አይቻልም ይላል። ዳኛውስ? ዳኛው መጥቷል። ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ጥቁር ቁምጣውን ከሱሪው ሥር ለብሶ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል።

ሜዳው ውሃ ሲይዝ ያጫውታል አያጫውትም የሚለውን የሚወስነው ዳኛው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ኳሷን ይዘህ መሐል ሜዳ ትሄዳለህ፣ ሁለቱ ጎሎች ፊት ትሄዳለህ፣ ማዕዘኖቹ ጋ ትሄዳለህ፤ በየቦታው ከትከሻህ ከፍታ ላይ ትለቃታለህ። ከነጠረች ደህና። «ጧ» ብላ እዚያው ከቀረች ነገር ተበላሸ። በኖራ የተሠመረው መስመር ይታይ እንደሆነም ታያለህ። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ታስባለህ፤ እዚህ ጭቃ ላይ የሚንሸራተት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እግር ምን ይሆናል?

እንግዲህ በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሚሊኒየም በሚልበት ጊዜ፣ በአንድ ሰፈር ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ ተመደብኩ። ክፍያው ለመሐል ዳኛ 60 ብር፣ ለረዳት ዳኛ 40 ብር ነው። በመጀመሪያው ቀን ገንዘብ ያዡ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ደብተራቸውን ገልጠው «ቲቸር፣ እንዳንቀያየም ከአሁኑ ልንገርህ፤ ጨዋታ ከሌለ ክፍያ የለም» አሉኝ። አባባሉ ልክ መሰለኝ። ላልተሠራ ሥራ ማን ይከፍላል? እሺ አልኩ። ያኔ ልብ ያላልኩት ነገር ቢኖር፣ በዚያች አጭር ዐረፍተ ነገር ሜዳው ይጫወትበታል አይጫወትበትም ብሎ የሚፈርደው ሰው የፍርዱ ተጠቃሚ ተደርጎ መሾሙን ነው። አጫውት ካልኩ ስልሳ ብር አለኝ። አራዝሙት ካልኩ ባዶዬን እገባለሁ።

የአስተማሪ ደመወዝ ከወሩ 20 በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ እሑድ ኳሷን መሐል ሜዳ ላይ ለቀቅኳት፤ «ጧ» አለች። ጎል ፊት ለቀቅኳት፤ «ጧ»። ረዳቶቼን አየኋቸው። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ አንዱ ጋራዥ ይሠራል። ሁለቱም ሜዳውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት። ሳምንት በፊትም በለቅሶ ምክንያት ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። «ይጫወታል» አልኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ልጅ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ጓደኞቹ ተሸክመው አወጡት። ስልሳ ብሬን ፈርሜ ስቀበል እጄ ላይ የከበደኝ ነገር ነበር። ሁለተኛ ለብር ብዬ ሜዳ አልከፍትም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

መሐላው በሚቀጥለው እሑድ ተፈተነ። ግማሽ ፍጻሜ ነው፤ ሰው ግጥም ብሏል። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ሜዳውን ኩሬ አደረገው። ኳሷን ለቀቅኩ፤ ተንሳፈፈች። እጄን ከፍ አድርጌ «ለረቡዕ ተላልፏል» አልኩ። ደጋፊው አጓራ፣ ገንዘብ ያዡ ደብተራቸውን ከደኑ፣ እኛም አንድ ቆርቆሮ ሥር ተጠልለን ልብሳችንን መጭመቅ ጀመርን።

ከተጋጣሚዎቹ የአንዱ ቡድን አሰልጣኝ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኮች» የሚላቸው፣ ማሊያ በራሳቸው እጅ የሚያጥቡ ሰው ናቸው።

«ቲቸር፣ ዛሬም ባዶህን ነው?»

«ምን ይደረግ ኮች፣ ሕጉ ነው።»

«ሕግ!» አሉና ኪሳቸው ገቡ። «እንካ፣ ለታክሲ ትሁንህ። እነዚህንም ልጆች ሻይ አጠጣቸው፤ ብርድ ሊገድላቸው ነው።» ሃምሳ ብር ናት።

«ኧረ ግድየለም» አልኩ አንዴ። «ኧረ ግድየለም» አልኩ ሁለቴ። ሦስተኛውን አላልኩም። ለረዳቶቼ አሥር አሥር ብር ሰጠኋቸው፤ ከየት እንደመጣ አልጠየቁኝም። የቀረችው ሠላሳ ብር እቤት ገብታ ዘይት ሆነች።

ከእሑድ እስከ ረቡዕ ያሉት ቀናት ረዘሙብኝ። ጉቦ ነው? ጉቦ ሰጪ እንዲህ ሰው ፊት ይሰጣል? አይደለም? ታዲያ ለምን ለሌላው ቡድን አሰልጣኝ መንገር አፈርኩ? እንደዚህ እየተከራከርኩ ረቡዕ ደረሰ። ሜዳው ደርቋል፤ ኳሷ ትነጥራለች። ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሆኖ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የተቃራኒው ቡድን ክንፍ ተጫዋች በቀኝ በኩል ሰብሮ ገባ። የኮች ተከላካይ፣ ቀጭን ልጅ ነው፣ ተንሸራቶ ደረሰበት። አጥቂው ወደቀ። በእኔና በእነሱ መካከል ሁለት ተጫዋቾች ነበሩ። ረዳቴ ባንዲራውን አላነሣም። የልጁ እግር ኳሷን ነክቶ እንደሆነ፣ ሰውየውን ነክቶ እንደሆነ አላየሁም። ያየሁት መስመር ዳር ካፖርታቸውን ለብሰው የቆሙትን ኮች ነው።

ፊሽካዬን ነፋሁ። ፍጹም ቅጣት ምት!

ለምን ነፋህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያኔ አልመልስም ነበር፤ ዛሬ እመልሳለሁ። ሃምሳ ብር እንዳልገዛችኝ ለራሴ ለማስመስከር ነው የነፋሁት። ተከላካዩ እየሮጠ መጥቶ ፊቴ ተንበረከከ። «ቲቸር ሙት፣ አልነካሁትም! ኳሷን ነው!» አለ። ዐይኑ እንባ ሞልቷል። እጄን ወደ ነጥቡ ዘርግቼ ቆምኩ። ኳሷ ገባች፤ አንድ ለባዶ አለቀ። «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ጩኸት ሜዳውን ሞላው። የሚገርመው፣ ሌባ ያሉኝ የሃምሳ ብሯ ባለቤት ደጋፊዎች ናቸው። ስለ ብሯ አንዳቸውም አያውቁም።

ኮች ሰዉ እስኪበተን ጠብቀው መጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ቢጮሁብኝ በተሻለኝ።

«ልጁ አልነካውም ቲቸር» አሉኝ ቀስ ብለው። «ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን ያቺን የታክሲ ለዚህ ብዬ እንዳልሰጠሁህ እወቅልኝ። ብርድ ላይ ስላየሁህ ነው።»

የዚያን ቀን የተከፈለኝ ስልሳ ብር ነው። ሃምሳውን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። «ተወው ወንድሜ» ብለው ጥለውኝ ሄዱ።

ሰው ስለ ዳኛና ስለ ገንዘብ ሲያወራ ዳኛ ወደ ሰጠው ሰው ያጋድላል ብሎ ነው የሚያስበው። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ውለታ ያለበት ዳኛ የሚያጋድልበት አቅጣጫ አይታወቅም። ወደ ሰጪው ሊያደላ ይችላል፤ ከሰጪው ልሽሽ ብሎም ሌላውን ሊበድል ይችላል። ብቻ ኳሷን ማየት ያቆማል። እኔ በዚያች ቅጽበት ያየሁት ኳስ አይደለም፤ ራሴን ነው።

አዘጋጆቹን ልወቅስ አይደለም። ከኪሳቸው አዋጥተው፣ ጊዜያቸውን ሰውተው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የዋንጫውን፣ የኳሱን፣ የኖራውን ዋጋ በደብተራቸው አስፍረዋል፤ የዝናቡን ዋጋ ግን አላሰፈሩም። የእግር ኳስ 17 ሕጎችም ቢሆኑ የተቋረጠ ጨዋታ እንዴት እንደሚደገም ይናገራሉ እንጂ ስለ ዳኛ ክፍያ አንዲት ቃል የላቸውም፤ ያንን ለአዘጋጁ ትተውታል። አዘጋጁ ደግሞ ሳይጽፈው ሲቀር ዋጋው ጠፋ ማለት አይደለም። አንድ ሰው ይከፍለዋል። መጀመሪያ እሑድ የከፈለው ቁርጭምጭሚቱ የዞረው ልጅ ነው። ረቡዕ የከፈለው ፊቴ የተንበረከከው ተከላካይ ነው። ስልሳ ብር ለማትረፍ ሁለት ልጅ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ሰፈር የውድድር ደንብ ሲረቀቅ እኔም ተጠርቼ ነበር። አንድ አንቀጽ እንዲገባ ለመንኩ፤ «ሜዳ ላይ በሰዓቱ ተገኝቶ ጨዋታው ለተራዘመበት ዳኛ ግማሽ ክፍያ እዚያው ይሰጠዋል፤ ገንዘቡም ከቡድኖች መመዝገቢያ አስቀድሞ ተቀንሶ ይቀመጣል» የሚል። «ላልተጫወተ ጨዋታ?» አሉኝ። ስለ ችሎቱ ዳኛ ነገርኳቸው፤ ቀጠሮ መስጠትም ዳኝነት ነው አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህንን ታሪክ አወራሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ አዛውንት «ግማሽ ይበቃል?» ብለው ጠየቁ፤ አንቀጹም ገባ።

ባለፈው ክረምት ጡረታ እንደወጣ ሰው ሜዳ ዳር ቆሜ ስመለከት፣ አንዲት ወጣት ዳኛ ኳሷን ስድስት ቦታ ለቃ አየቻት፤ ስድስቱም ቦታ ጭቃ ያዛት። እጇን አንሥታ «ተራዝሟል» አለች። ገንዘብ ያዡ ፖስታውን ሰጣት፤ ሰው ፊት ቆጥራ፣ ፈርማ ተቀበለች። ቦርሳዋን አንግታ ወደ ታክሲው ስትሄድ ከደጋፊው መሐል አንዱ «ሌባ!» ብሎ ጮኸባት። ዞር ብላ አይታው ሳቀች። ሳቋ የእኔን አይመስልም ነበር።