ለቡቺ ጨዋታ አይደለም

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ቀኑ ኦክቶበር 31 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 21። የቤቱ እናት ጠዋት ማርያምን ተሳልማ ተመልሳለች። ማታ ደግሞ የአጽም ጭምብል ያጠለቀ የጎረቤት ልጅ በሯ ላይ ቆሞ ከረሜላ ይጠብቃል። የስደት ኑሮ ሁለቱን በአንድ ቀን ያገናኛል።

ይህ ቤተሰብ ሃሎዊንን አያከብርም ነበር። እናት "የሰይጣን በዓል ነው" ባይ ናት። አባት ነገሩን ቀለል አድርጎ ያየዋል። ልጆች በቡድን ሆነው ቤት ለቤት ሲዞሩ ሲያይ ትዝ የሚለው ሆያ ሆዬ ነው፤ "ሙልሙሉ በከረሜላ ተተካ እንጂ ምን ልዩነት አለው?" ይላል። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችው ሴት ልጃቸው ግን ክርክሩ አልገባትም። የክፍሏ ልጆች ሁሉ ይወጣሉ፣ እሷም መውጣት ትፈልጋለች። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ቢራቢሮ ሆና ትወጣለች፣ ጠንቋይ ሆና ግን አትወጣም።

በዚህ ድርድር ሐሳቡን ያልተጠየቀ አንድ የቤቱ አባል ነበር። ቡቺ።

አባት አዲስ አበባ ሲያድግ ውሻ ማለት ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ፣ ትርፍራፊ የሚጣልለት የግቢ ዘበኛ ነበር። ቡቺ ግን ዘጠኝ ኪሎ የምትሞላ፣ ልጅቷ አልጋ ላይ የምትተኛ ነፍስ ነው። በዚያ ምሽት የዱባ ልብስ ተገዛለት። ይህ የአንድ ቤት እብደት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የችርቻሮ ነጋዴዎች ፌዴሬሽን በ2023 ለቤት እንስሳት የሃሎዊን ልብስ ብቻ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚወጣ ገምቶ ነበር።

ቡቺ ዱባውን ለብሶ ደርቆ ቆመ። ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ፣ አፉን ደጋግሞ ላሰ፣ አዛጋ። ቤተሰቡ ሳቀ፣ ፎቶ አነሳ። የእንስሳት ሐኪሞች ግን እነዚህን ምልክቶች የሚያነቧቸው በሌላ መንገድ ነው፤ ውሻው ተጨንቋል፣ ልብሱ ይውለቅለት።

ከዚያ የበሩ ደወል ጀመረ። አንዴ፣ አምስቴ፣ አሥሬ። ባለ አጽሙ ልጅ ሲመጣ ቡቺ በእግሮቹ መካከል ሾልኮ ወጣ። "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" ይባላል፤ በዚያ ምሽት ነገሩ ተገልብጦ ልጅ ባስከፈተው በር ውሻ ወጣ። የባሰው ደግሞ ልብሱ አልገባ ስላለ ስምና ስልክ ያለበት ማንገቻው ወልቆ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ከአንድ ሰዓት ፍለጋ በኋላ ሁለት መንገድ አልፎ፣ ከቆመ መኪና ሥር እየተንቀጠቀጠ ተገኘ። ዱባው ግማሹ ተቀዷል።

በማግስቱ ሳምንት የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ተቀበረችለት። ማንገቻ ይወልቃል፣ ቺፕ አይወልቅም። ሆኖም ቺፑ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ትክክለኛው ስልክ ቁጥር መመዝገብ አለበት።

በሁለተኛው ዓመት ቤተሰቡ የተማረ መሰለው። ቡቺ ገና ሳይመሽ መኝታ ክፍል ተዘጋበት። ልጅቷ ዞራ ስትመለስ አባት የከረሜላ ከረጢቷን ተቀብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንዳትበላው ደበቀው። የት? መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር። ከልጅ የተሰወረው ለውሻ ተቀመጠለት።

በሩ ሲከፈት ወለሉ በወረቀት ተሞልቷል።

"አባዬ፣ ቸኮሌት በላ!" ብላ ጮኸች።

"ውሻ እኮ ነው ልጄ፤ አጥንት የሚሰባብር ሆድ ቸኮሌት ምን ያደርገዋል?" አለ አባት።

ተሳስቷል። ቸኮሌት ውስጥ ቴኦብሮሚን የተባለ ንጥረ ነገር አለ። የሰው አካል ቶሎ ያስወግደዋል፣ የውሻ አካል ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው። እየተጠራቀመ ያስመልሳል፣ ልብን ያስሮጣል፣ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ጥቁር ቸኮሌት ከወተት ቸኮሌት ይከፋል፤ ለመጋገሪያ የሚውለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ምልክቱ ሰዓታት ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል "ደህና ነው እኮ፣ ይጫወታል" ማለት ማረጋገጫ አይሆንም።

ቸኮሌት ብቻም አይደለም። ስኳር በሌለው ማስቲካ ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥለው፣ ጉበቱንም ሊጎዳው ይችላል። አንዳንድ ወላጆች "ከከረሜላ ይሻላል" ብለው የሚያድሉት ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ከሥራ ውጪ ያደርጋል። የተዋጠ መጠቅለያ ደግሞ አንጀት ይዘጋል።

ልጅቷ አባቷን አልጠበቀችም፤ እናቷን ስልክ አስደወለች። ኤኤስፒሲኤ የተባለው የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት 24 ሰዓት የሚሠራ የመርዝ መረጃ ማዕከል አለው፤ ቁጥሩ 888-426-4435 ነው፣ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ማዕከሉ አራት ነገር ጠየቀ፦ ውሻው ስንት ኪሎ ነው? የበላው ምን ዓይነት ቸኮሌት ነው? ምን ያህል? መቼ? አባት በጉልበቱ ተንበርክኮ መጠቅለያ ቆጠረ። የጎደሉ ነበሩ። ወደ ድንገተኛ የእንስሳት ሕክምና እንዲሄዱ ተነገራቸው። ቤት ውስጥ ጨው በጥብጦ በማጠጣት ለማስመለስ መሞከር ውሻውን ይበልጥ ሊጎዳው ስለሚችል ያንን ለሐኪም ተዉለት።

ቡቺ ዳነ። የሌሊቱን ሂሳብ አባት እስካሁን ለዘመድ አልተናገረም። "ለውሻ ይህን ያህል ከፈልኩ" ቢል አዲስ አበባ ያሉት እህቶቹ ምን እንደሚሉት ያውቃል።

ከሁለቱ ሌሊቶች የሚወጣው ትምህርት ከከረሜላም ከበርም ያለፈ ነው። ሃሎዊን በፍርሃት የመጫወት በዓል ነው። ልጅ አጽም አይታ ትጮህና ትስቃለች፤ ከጭምብሉ ጀርባ የጎረቤት ልጅ እንዳለ ታውቃለችና። ፍርሃት ጨዋታ የሚሆነው ጨዋታ መሆኑን ለሚያውቅ ብቻ ነው። ውሻ ይህን ማንም አልነገረውም። ለእሱ አጽሙ እውነት ነው፣ ደወሉም የጥቃት ምልክት ነው። በአዲስ አበባም ለቡሄና ለመስቀል ርችት ሲተኮስ ከቆርቆሮ ሥር የሚወሸቀው ውሻ እንዲሁ ነው። በዓሉ የሰው ነው፤ ድንጋጤውን የሚሸከመው ግን እንስሳው ነው።

"እኛ አናከብርም" ማለትም አያድንም። የማያከብር ቤት ደወሉ ይደወላል፣ የመንገዱ ጩኸት በመስኮት ይገባል። ባለቤቱ ባያከብርም ውሻው ከበዓሉ አያመልጥም።

በሦስተኛው ዓመት ቡቺ ገና ብርሃን ሳለ ረጅም መንገድ ተራመደ፣ ደከመ። ከዚያ ከበሩ ራቅ ባለ ክፍል ውስጥ ከአልጋው፣ ከውኃውና ድምፁ ከፍ ካለ ሬዲዮ ጋር ተቀመጠ። ማንገቻው አንገቱ ላይ ነው፣ ልብስ የለም። ከረሜላው ክዳን ባለው ዕቃ ከቁም ሳጥን በላይ ተሰቀለ። ሻማ ያለበት ዱባ ጅራት ከማይደርስበት ራቀ። ድመት ያለው ቤት ቢሆን ደግሞ በጨለማ የሚያበሩት የፕላስቲክ ዘንጎችም ይሰበሰቡ ነበር፤ ድመት ትነክሳቸዋለች፣ ፈሳሹም አፏን ያስለሀጫታል።

እናት ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች። ወንበር አውጥታ ከረሜላውን ይዛ ደጅ ተቀመጠች፤ ደወሉን የሚነካ ልጅ እንዳይኖር። በዓሉ አሁንም አይዋጥላትም። "እኔ ለሃሎዊን አልወጣሁም" አለች ባሏ ሲስቅባት፤ "ለቡቺ ነው።"