በመዳፍ ልክ ቀዳዳ

ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ በጥር ማለዳ ወደ ሥራ ለሚነሣ ሰው ቀዳሚው ሙግት ከመኪናው የፊት መስታወት ጋር ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መስታወቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ፣ አየሩ ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎም ቢሆን አመዳይ ሊቋጥር ይችላል። የፈላ ውኃ የሚደፋበት አይጠፋም፤ መስታወቱ የሚሰነጠቀውም እንዲህ ነው። ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ አዙሮ፣ የበረዶው ሥር ሲላላ በፕላስቲክ መፋቂያ መግፈፍ ይሻላል። እኔ ለማስተማር ከመውጣቴ በፊት ዐሥር ደቂቃ እመድብለታለሁ።

ብዙዎች ግን መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ፍቀው ይነዳሉ። በረዶ የጣለ ዕለት ደግሞ ጣሪያውንማ ማን ነክቶት! መቼም የጣሪያው በረዶ ከነጂው አልፎ ከኋላው የሚከተለውንም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በፈረንጆች ገና ዕለት፣ በዚሁ በፔንስልቬንያ ግዛት ከጭነት መኪና ላይ የተፈናጠረ የበረዶ ግግር አንዲት ሴት ገደለ። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሕግ የሚቀጣው በረዶው ሰው ከገደለ ወይም ክፉኛ ካቆሰለ በኋላ ነበር። አስቀድሞ ማራገፍ ግዴታ የሆነው ከ17 ዓመት ግድም በኋላ፣ በ2022 ነው፤ ቅጣቱም 50 ዶላር ነው። ገንዘቡ አነሰ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ የምመዝነው ግን የቅጣቱን ሰዓት ነው፤ ከሬሳ በፊት መድረሱን።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ሕጉ በረዶው መጣሉን ካቆመ በኋላ 24 ሰዓት ይሰጣል። በዚያ መካከል አውራ ጎዳና ላይ የወጣውን ነጂ ማን ይጠይቀዋል?