የምንወደው ሽፍታ

ሌባና ፖሊስ ሳይጫወት ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በልጅነቴ ሰፈር ሁሉም ሌባ መሆን ነበር የሚፈልገው። ሌባው ይሮጣል፣ ይደበቃል፣ አጥር ይዘላል፤ ፖሊሱ እያለከለከ ይከተለዋል። አሁን ሳስበው አንድ ነገር ይገርመኛል። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ሌባ አለ፣ ፖሊስም አለ፤ የተሰረቀው ሰው ግን የለም። «እሱን እኔ ልሁን» ያለ ልጅ አላስታውስም።

ይህን ሐሳብ የቀሰቀሰብኝ አንድ የቆየ የፈረንሳይ ፊልም ነው። እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚገኘው የወጣቶች ኅብረታችን በወር አንድ ቅዳሜ ፊልም አይቶ ይወያያል። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ እንወጥራለን፣ ፕሮጀክተር እንዋሳለን፣ ቆሎና ሻይ በየተራ እናዘጋጃለን፤ ከዚያ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይን እንጀምራለን። አንድ ቅዳሜ ተራው የደረሰው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ፈረንሳይኛ የተማረ ወንድማችን ነበር። «ካርቱሽ» የሚባል ፊልም በፍላሽ ይዞ መጣ፤ እሱ እየተረጎመልን አየነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ፊሊፕ ደ ብሮካ ይባላል። ካርቱሽን ሆኖ የሚጫወተው ዣን ፖል ቤልሞንዶ ሲሆን፣ ፍቅረኛውን ቬኑስን ደግሞ ቱኒስ የተወለደችው ክላውዲያ ካርዲናሌ ትጫወታለች። ታሪኩ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ነው። ካርቱሽ ማሊሾ የሚባል ጨካኝ የሌቦች አለቃ ተከታይ ሆኖ ይጀምራል። ያመፃል፣ ይሸሻል፣ ለጊዜውም ወታደር ይሆናል፤ በመጨረሻ ተመልሶ አለቃውን ይጥልና ራሱ የሌቦች አለቃ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሀብታም ይዘርፋል፣ ለድሃ ይሰጣል። ሲዋጋ እንኳ ይስቃል። እኛም አብረን ሳቅን። ጠጅ እንደ ቀመሰ ሰው ደስ ብሎን ነበር ብል ሽማግሌዎቻችን ይቅር ይሉኛል።

ወደ መጨረሻው ግን ሳቁ ይቆማል። ካርቱሽ ልቡን ለአንዲት የፖሊስ ሹም ሚስት ይሰጣል፤ በዚሁ ጣጣ ወጥመድ ውስጥ ሲገባ ቬኑስ ልታድነው ትመጣና ሕይወቷን ታጣለች። በሌሊት ሬሳዋን የወርቅ ሠረገላ ውስጥ ያስቀምጣታል፤ የተዘረፈውን ጌጥ ሁሉ ያለብሳታል፤ ሠረገላውንም ወደ ውኃ ይለቀዋል። ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ክፍላችን ጸጥ አለ። ዓይኑን የጠረገም ነበር።

ውይይቱ ሲጀመር አንዷ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «እነዚያ ጌጦች የማን ነበሩ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ተርጓሚው ወንድማችን «የሀብታሞች ነዋ!» አላት።

«ለድሃ ይሰጣል አላላችሁም? ታዲያ ለምን ውኃ ውስጥ ገቡ?»

መልስ የሰጣት አልነበረም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሽፍታ የሚነገር ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ያቺ ጥያቄ ትቀድመኛለች፤ የማን ነበር?

ካርቱሽ በእውነት የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1693 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ፤ ትልቅ የወንበዴ ቡድንም መራ። በጥቅምት 1721 ተያዘ። የሚያሳዝነው፣ እሱ ገና እስር ቤት ሞቱን እየጠበቀ ሳለ የፓሪስ ቴአትር ቤት በስሙ አስቂኝ ድራማ አሳየ። ሰዉ ከፍሎ ገብቶ ሳቀ። በኅዳር ወር በመንኮራኩር አጥንቱን ሰብረው ገደሉት። በሥቃይ ሲመረምሩት ጓደኞቹን አላወጣም ነበር፤ ወደ መገደያው ሲወሰድ ግን ያድኑኛል ያላቸው ሰዎች አለመምጣታቸውን አየና ስማቸውን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ፊልሙ መንኮራኩሩንም፣ ዝርዝሩንም አያሳየንም። የሚስቀውን ሰው ብቻ ሰጥቶን ይሄዳል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ቋራ አለች። አፄ ቴዎድሮስ ንጉሥ ከመሆናቸው በፊት ካሣ ኃይሉ የተባሉ የቋራ ሽፍታ ነበሩ። ከነጋዴ የወሰዱትን ለገበሬ እንዳካፈሉ፣ ማረሻ ግዙበት እንዳሉ ይነገራል። ይህን ስንሰማ ልባችን የማይሞቅ ማነን? አቤ ጉበኛና ብርሃኑ ዘሪሁን ልብ ወለድ የጻፉላቸው፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በመድረክ ያነሣቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነገሡ። ከዚያም ዝርፊያ ይቁም፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ብለው አወጁ። አንድ ታሪክ ይተረካል። በዝርፊያ የታወቁ የአንድ አካባቢ ሰዎች መሣሪያቸውን ታጥቀው መጡና «የአባታችን ሥራ ዝርፊያ ነው፤ በአዋጁ መሠረት ይጽናልን» አሉ። ንጉሡ በሬና ማረሻ ልስጣችሁ ቢሏቸው እንቢ አሉ። በመጨረሻ ፈረሰኛ አዝምተው ፈጇቸው ይባላል። የትናንቱ ሽፍታ ሽፍታን በሰይፍ ዳኘ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። በ1859 ዓ.ም. እኚሁ ንጉሥ ጎንደርን ዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። የብራና መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚያዝያ 1860፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ፤ ወታደሩም በተራው ዘረፈ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ከመቅደላ የተወሰዱ ብራናዎች ዛሬም ለንደን ውስጥ አሉ። «ይመለሱልን» ስንል ልክ ነን። ግን የዚያች ልጅ ጥያቄ ከዚያም አልፋ ትሄዳለች። ከለንደን በፊት መቅደላ፣ ከመቅደላ በፊት ጎንደር። ጎንደር ላይ ብራናው ፊት ቆሞ ይጸልይ የነበረ፣ ስሙ ያልተጻፈ ካህን አለ። የማን ነበር? የእሱ ነበር።

ቴዎድሮስን ማሳነሴ አይደለም። አገር አንድ ለማድረግ የደከሙ ሰው ናቸው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። የምለው፣ ውበት ያለው ሽፍታ ሁልጊዜ የሚያምረው ከሩቅ ነው፤ ከተዘረፈው ሰው ደጃፍ ላይ ሆነው ሲያዩት ግን መልኩ ሌላ ነው።

ይህን ለማወቅ ጎንደር ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም። ኮዬ ፈጬ ብዙ ሰው ቤቱን የተረከበው ሳያልቅ ነው። ባለ ዕጣው ማሠሪያ ገንዘብ እስኪያገኝ ቤቱን ቆልፎ ይሄዳል። በተቆለፈው ቤት ግን ሌሊት ሌሊት ሥራ አለ። ሽቦው ከግድግዳ ይመዘዛል፣ ቧንቧው ይፈታል፣ አንዳንዴ በሩም ራሱ ይሄዳል።

በኛ ብሎክ ሁሉም የሚወደው አንድ ልጅ አለ። ስሙን አልጽፍም። ጨዋታ ያውቃል። ውኃ ሲጠፋ የአሮጊቶችን ጄሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ ይሸከማል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ሽቦም፣ ብሬከርም፣ የወጥ ቤት ሲንክም ከሱቅ በግማሽ ዋጋ ያመጣል። ከየት እንደሚያመጣው ብሎኩ አይጠይቅም ነበር። ያን ቅዳሜ ፊልሙን አብሮን አይቷል፤ አንዱ «የኛ ካርቱሽ» ብሎ ሲቀልድበትም ሳቀ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቤት ተከፈተ። ባለቤቷ እንጀራ እየሸጡ ለዓመታት የቆጠቡ እናት ናቸው። በሩን ሲከፍቱ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተፈልቅቆ ነበር። አንድ ክንድ ሽቦ አልቀረም። አልጮሁም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጡና በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

«ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የሁለት ዓመት እንጀራ ነው» አሉን።

ያ ልጅ ከታች ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። የሚወደድበት ጨዋታ ሁሉ ከፊቱ ጠፋ።

ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት የሄደበትን ታሪክ (2ኛ ሳሙኤል 12) ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን አነበብኩት። ዳዊትም በዓዱላም ዋሻ ዕዳ ያለበትንና የተጨነቀውን ሰብስቦ የመራ፣ ሰው ሁሉ የሚዘፍንለት ስደተኛ ነበር። ሲነግሥ ግን የሌላውን ሰው ሚስት ወሰደ፤ ሰውየውንም አስገደለ። ናታን ክስ ይዞ አልገባም፤ ታሪክ ይዞ ገባ። በታሪኩም አንዲት ጠቦት ብቻ ወዳለው ድሃ ቤት ወሰደው። ጠቦቷ ከእጁ ስትበላ፣ እቅፉ ውስጥ ስትተኛ አሳየው። ዳዊት የተዘረፈውን ሰው ቤት ገብቶ ካየ በኋላ ዝም ማለት አልቻለም፤ በራሱ ላይ ፈረደ።

እናንተ ለዚህ መጽሔት ግጥምና ታሪክ የምትልኩ ወጣቶች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ዘላዩን፣ ሳቂታውን፣ ፈረሰኛውን መጻፍ ቀላል ነው፤ ይጻፍም። ነገር ግን ጠቦቷ የማን እንደነበረች የሚናገርም ያስፈልገናል።

የኅብረታችን ልጆች ገንዘብ አዋጥተን ለእትዬ ሽቦ ገዛን፤ ከሱቅ፣ በደረሰኝ። የሚዘረጋልን ባለሙያ ስንፈልግ ያ ልጅ ፒንሳና ቴስተር ይዞ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ሠራ። አልተጫወተም፣ አልቀለደም፣ ገንዘብም አልጠየቀም። በሁለተኛው ቀን ማታ አምፖሉ ሲበራ እትዬ እንጀራ አቀረቡለትና «ተባረክ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው መረቁት። አንገቱን ደፍቶ በላ።

ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ያወራው ስለ መመለስ ነበር፤ ያውም አራት እጥፍ። እኔም ከዚህ ልጅ የምጠብቀው ገና አለኝ። የበራው አንድ ቤት ነው። ከእትዬ በር ፊት ለፊት ያለው ቤት አሁንም ተቆልፏል፤ በቁልፉ ቀዳዳ ሲያዩት ግድግዳው ባዶ ነው፤ ባለቤቱም አንድ ቀን ይመጣል።