አምስተኛው ጎማ

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመኪናዎን ስኮርታ ለመጨረሻ ጊዜ በዓይንዎ ያዩት መቼ ነው? “ኋላ አለ” ካሉኝ፣ እኔም ለዓመታት የምመልሰው ይህንኑ ነበር። ባለቤቴም እንደዚሁ። ኋላ መኖሩን እናውቃለን፤ ከዚያ በላይ ማወቅ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው በቤታችን አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነው። ባለቤቴ የነቀምቴ ልጅ ነው። ልጆቻችን አያታቸውን እንደ አገሩ “አኮ” ብለው ይጠራሉ፤ በዓልን ከአኮ ጋር ማሳለፍ ደግሞ በየዓመቱ ቃል የምንገባው፣ በየሁለት ዓመቱ የምንፈጽመው ነገር ነው። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንወጣለን ተባብለን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ሦስት ልጆች ይዞ ለጉዞ የተነሳ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ጭነታችንን ልንገርዎ፣ የታሪኩ ግማሽ እሱ ነውና። ለአማቴ ወፍራም ብርድ ልብስና 20 ሊትር ዘይት፣ ለባለቤቴ ወንድም ቴሌቪዥን፣ የአምስት ሰው ሻንጣ፣ አንድ ጎረቤታችን “ስታልፉ ባኮ ላይ ለእህቴ ጣሉልኝ” ብላ የሰጠችን ጆንያ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ደግሞ ሁለት ፍራሽና አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛ። መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት። ኋላዋ ወደ መሬት ተጫነ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና አለ። እኛም ይህን አይተን ሳቅን፤ ልጆቹን ከፊቷ አቁመን ፎቶ አነሳን።

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፈን አምቦ ምሳ በላን። ጉደርንም አለፍን። እስከ ጌዶ አየሩ ደጋ ነው፣ መስኮት መዝጋት ያሰኛል። ከጌዶ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ እየወረደ ይሄድና ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል። ኢጃጂን እንዳለፍን ትልቋ ልጄ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ከኋላ ወንበር “እማዬ፣ እኔ ጋ መኪናው ይንቀጠቀጣል” አለችኝ።

“መንገዱ ነው” አልኳት።

ጥቂት ቆይታ ደገመችው። አባቷም “መንገዱ ነው” አላት። ይህን መልስ ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል። ልጅቷ የተቀመጠችው ልክ ከኋላው ግራ ጎማ በላይ ነበር። ውስጡ መላቀቅ የጀመረ ጎማ ከመፈንዳቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይናገራል፤ ይመታል፣ ያንቀጠቅጣል። ሰምታ የነገረችን እሷ ብቻ ናት፤ እኛ ትልልቆቹ ሁለት ጊዜ ዝም አሰኘናት።

ሲፈነዳ ድምፁ የጥይት መሰለኝ። ባለቤቴ ደንግጦ ፍሬን ረገጠ። የመኪናዋ ኋላ ወደ ጎን ሄደ፣ እኛም መስመራችንን ለቀን ወደ ሌላኛው ገባን። ከፊት አንድ አይሱዙ እየመጣ ነበር። እንዴት እንዳለፈን አላውቅም። ጡሩምባው ብቻ ከአጠገቤ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ። ከዚያ መኪናዋ በቀኝ ዳር፣ ግማሽ ጎኗ አፈር ላይ ሆኖ ቆመች። ከሰዓት 9 ሰዓት ተኩል ነበር። ትንሹ ልጄ እንኳ አላለቀሰም፤ ያ ዝምታ ከፍንዳታው ይልቅ አስፈራኝ።

እዚህ ላይ በኋላ የተማርኩትን ልንገርዎ። ጎማ ሲፈነዳ እግር በራሱ ወደ ፍሬን ይሮጣል፤ እንዳይሮጥ ነው ልምምዱ። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ እግርን ከነዳጅ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ መኪናው በራሱ ፍጥነቱን እስኪቀንስ መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዳር ማውጣት። ፍሬን በደንብ የሚረገጠው መኪናው ሊቆም ሲል ነው።

አሁን ስኮርታው ወደሚወጣበት እንምጣ። በእኛ መኪና ስኮርታ የሚቀመጠው ከኋላው የዕቃ መጫኛ ወለል ስር ነው። ወለሉ ላይ ደግሞ ከላይ የዘረዘርኩልዎ ሁሉ አለ። ስለዚህ ገበናችንን በሙሉ አስፋልት ዳር ዘረገፍነው፤ ቴሌቪዥኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ የልጆች የውስጥ ልብስ ያለበት ፌስታል። የአካባቢው ልጆች መጥተው ከበው ያያሉ። አንዱ ታዳጊ ማንም ሳያዘው ቅርንጫፍ ሰብሮ ከመኪናው በስተኋላ ራቅ አድርጎ መንገዱ ላይ አኖረልን። ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ አልነበረንም፤ ያ ቅርንጫፍ ነበር የጠበቀን።

ባለቤቴ ስኮርታውን ጎትቶ አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው። አልነጠረም። “ዱፍ” ብሎ ተኛ። በእጁ ሲጫነው ገባለት። ባዶ ነው።

እኔና እሱ ተያየን። ልጆች ባይኖሩ ምን እንደምል አውቃለሁ፤ ዝም አልኩ። ስልኬን አወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም። ከአኮ ጋር “11 ሰዓት ላይ እንደርሳለን” ተባብለን ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ሃያ ሁለት ጎማ ከነተሳቢው መጥቶ ከፊታችን ቆመ። ወደ አሶሳ የሚሄድ ነው። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ወርደው ሰላም ካሉን በኋላ ምንም ሳይጠይቁ ስኮርታውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ ወዲያው ለረዳታቸው “ቱቦውን አምጣ” አሉት። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በአየር ስለሆነ አየር የሚጠራቀምበት ጋን አለው፤ ረዳቱ ከዚያ ላይ ቱቦ ስቦ የእኛን ስኮርታ ነፋልን። እሳቸው ጎንበስ ብለው የጎማውን ጎን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና አንድ ነገር አነበቡ።

“እህቴ፣ ይቺ ትልቋ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?”

“ዘጠኝ።”

“ይሄ ጎማ ይበልጣታል።”

ጎማ ጎን ላይ ከብዙ ፊደላት መካከል በትንሽ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ይናገራሉ። የእኛ ስኮርታ 3104 ይላል፤ የ2004 ሰላሳ አንደኛ ሳምንት ማለት ነው፣ በእኛ ሐምሌ 1996። መኪናዋ ከውጭ ስትገባ አብሯት የመጣ ነው፤ አንድ ቀን መንገድ ነክቶ አያውቅም። ጥርሱ እንደ አዲስ ነው፣ ጎኑ ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የፈነዳውም 1107 ይል ነበር፤ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። እሱም ጥርሱ አላለቀም። እኛ ጎማ የሚያልቀው በመሄድ ብቻ ይመስለን ነበር፤ የእኛዋ መኪና ሳምንቱን ከቤት ቢሮ እየተመላለሰች ቀኑን ፀሐይ ላይ የምትቆም ናት። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ብዙ የመኪናና የጎማ አምራቾች ከስድስት እስከ አስር ዓመት ባለው ጊዜ፣ ጥርሱ ቢኖርም፣ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው።

ረዳቱ ጎማውን እየቀየረልን ሳለ ሹፌሩ አንድ አጭር ዱላ ይዘው የራሳቸውን መኪና ጎማዎች አንድ በአንድ እየመቱ ዞሩ። ልጄ ተከተለቻቸው። ለምን እንደሚመቱ ስትጠይቃቸው፣ “ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ የተሳቢው ጎማ ቢተነፍስ እኔ አላውቅም፤ ወይ ጭስ ነው የሚነግረኝ፣ ወይ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ጡሩምባ። ስለዚህ በቆምኩ ቁጥር እኔ እጠይቀዋለሁ” አሏት። የተነፋ ጎማ ሲመቱት ዱላውን አንጥሮ ይመልሰዋል፤ የተነፈሰው ድምፁ የታፈነ ነው። እሷም ዱላውን ተቀብላ መታች።

በአሜሪካና በአውሮፓ አልጋና ኩሽና ያለው ቤት ከመኪናቸው ኋላ እየጎተቱ ለእረፍት የሚወጡ ቤተሰቦች አሉ። የእነሱም ችግር ይኸው ነው። ተጎታቹ ዓመቱን ሙሉ ግቢ ቆሞ ይከርማል፣ ጎማው ሳይሠራ ያረጃል፣ በበጋ አንድ ቀን እስከ አፍ ገደፉ ተጭኖ ይወጣል፤ ከፊት ያለው ነጂ ደግሞ ኋላ ምን እንደሆነ አይሰማውም። አንዳንዶቹ ለዚህ ሲሉ የጎማውን ንፋስ ከመሪው ፊት የሚያሳይ መሣሪያ ይገጥማሉ። የእኛ ባለ ተሳቢዎች ዱላ አላቸው። እኛ ባለ ኮሮላዎች ግን ሁለቱም አልነበረንም።

በነገራችን ላይ ያን ዕለት አፌ ላይ የነበሩት ቃላት፣ ጎማ፣ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃሎቹን ተቀብለን ሥራውን ለወንዶች ትተን ኖረናል። ቢያንስ በእኔ ቤት።

ሰውየው ገንዘብ አልተቀበሉንም። “እስከ ባኮ ከአርባ በላይ አትሂዱ፣ እዚያ ጎሚስታ ይየው” ብለውን ሄዱ። ባኮ ስንደርስ መሽቷል። ጎሚስታው ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ፈለገ፤ የሚያፈሰው ከመንፊያው አፍ ነበር፣ እሱን ቀየረልን። የጎረቤታችንን ጆንያም እዚያው አራገፍን። ከባኮ ነቀምቴ የቀረውን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በጨለማ፣ በዚያ ባረጀ ጎማ፣ ዳገቱን እየተንፏቀቅን ወጣን። አሁን ቢሆን አላደርገውም፤ ባኮ አድር ነበር። ስንደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አማቴ በር ላይ ጋቢ ተከናንባ ቆማለች። አልተቆጣችም። ልጆቹን አንድ በአንድ ፊታቸውን በእጇ እየዳሰሰች አስገባቻቸው፤ እኔ የዚያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴን “ስኮርታውን አይተኸው አታውቅም?” አልኩት። “ጋራዥ ሲገባ የሚያዩት መስሎኝ” አለ። ጥፋቱን ለእሱ ልተወው ዳድቶኝ ነበር። ግን ይህችን መኪና በሳምንት ሦስት ቀን የምነዳት እኔ ነኝ። እኔ “እሱ ያየዋል” እላለሁ፣ እሱ “ጋራዡ ያየዋል” ይላል፣ ጋራዡ ያየው የነገርነውን ፍሬን ብቻ ነው። ስንት ነገር ይሆን በቤታችን እንዲህ ሦስት ባለቤት ኖሮት ማንም የማያየው፣ ብዬ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ አደርኩ።

በዓሉ መልካም ነበር። አንጮቴ በቅቤ በላን፤ ወለጋ ሄዶ አንጮቴ ሳይበላ የተመለሰ አልሄደም ነው የሚባለው፣ ቢያንስ በአማቴ ዘንድ። ግምቢ ያለች አክስቱን ለመጠየቅ አስበን ነበር፤ ወደዚያ ለመድረስ ግን እንደ ባኮው ያለ ሙቀት ያለበትን የዲዴሳ ሸለቆ ወርዶ መውጣት ስላለ ቀረብን። ሰኞ ዕለት ባለቤቴ ልጆቹን የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሊያሳያቸው ሲሄድ እኔ መኪናዋን ይዤ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት አዲስ ጎማ ገዛሁ፣ ቁጥሩን ራሴ አንብቤ። ከዚያ “አንዱን እኔ ልቀይረው፣ አንተ ቆመህ እየኝ” አልኩት። ሳቀ፣ ግን አሳየኝ። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከሌላው ጎማ ስር ድንጋይ ተደርጎ፣ ብሎኑ የሚላላው መኪናው መሬት ላይ እያለ ነው፤ በክሪክ ካነሱት በኋላ ቢታገሉት ጎማው አብሮ ይዞራል። ሲታሰር ደግሞ በተርታ ሳይሆን በትይዩ ነው፣ ከአንዱ ወደ ማዶው። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከክሪኩ ስር ጣውላ ይደረጋል። ከተወሰነ ኪሎ ሜትር በኋላ ቆሞ ብሎኑን እንደገና ማጥበቅ። እጄ በግሪስ ጠቁሮ ስመለስ አማቴ “ጎሽ” አለችኝ።

ለመመለሻው የተሰጠንን ቡና፣ ማርና አንጮቴ ግማሹን በአውቶቡስ ላክነው። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ጠርዙ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ጎማው ስንት ንፋስ እንደሚፈልግ እዚያ ተጽፏል፣ በብዙ መኪኖች ላይ ለሙሉ ጭነት የሚሆነው ቁጥር ለብቻው ነው። የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ያንን በር ስከፍትና ስዘጋ አላነበብኩትም ነበር።

አሁን ኋላችን ላይ ትንሽ የንፋስ መለኪያ፣ ጣውላ፣ አንጸባራቂ፣ የእጅ ባትሪና ጓንት አለ፤ ስኮርታው ላይ የሚጫነው ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚነሳ ነገር ብቻ ነው። መንገድ ከመጀመራችን በፊት ሰላም መሆኑን እንጠይቃለን፣ በቀን እንገባለን። ልጄ ታዲያ ከዚያ ወዲህ የማንንም መኪና ጎማ ጎን ሳታነብ አታልፍም፤ አጎቷን “ይሄ ጎማ ከእኔ ጋር ነው የተወለደው” ብላ አስቀይማዋለች።

ቀጥሎ ለገና ነቀምቴ ልንሄድ ስንል ሁላችንም ገብተን፣ ቀበቶ አስረን፣ ሞተር ተነስቶ ሳለ “ቆይ፣ አምስተኛውን አላየሁትም” ብላ ወረደች። መለኪያዋን ይዛ ኋላውን ከፈተች። ስኮርታው ጎድሎ ነበር። ነዳጅ ማደያ ገብተን አስነፋነው፤ ግማሽ ሰዓት ዘግይተን ወጣን።