ከአይረን ክኒን እስከ ማህፀን ማውጣት፣ በመሀሉስ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ወር አበባ ነው። ወንዶች ተማሪዎቼ፣ አይታችሁ እንዳታልፉት። ሚስት አላችሁ፣ እህት አላችሁ፣ ሴት ልጅ አላችሁ፤ ነገሩ ቤታችሁ ውስጥ አለ።

እናቴ «የእኛ ዘር ደሙ ብዙ ነው» ትል ነበር። እሷም አክስቶቼም በወር ስምንትና ዘጠኝ ቀን ይፈሳቸው ነበር። በእኛ ቤት እንደ ቁመትና እንደ መልክ የሚወረስ ነገር ነበር የሚመስለው። ሐኪም ዘንድ የሚወሰድ ጉዳይ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያስተማርኳችሁ፣ ሁሌ ጥቁር ቀሚስ እለብስ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። ወድጄ አልነበረም። ሁለት ሞዴስ ደርቤ ክፍል ገብቼ፣ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ይርስብኝ ነበር። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ጆሮዬ ይጮሃል። ሄሞግሎቢኔ ሲለካ 7.4 ሆኖ ተገኘ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው።

ያየኝ ሐኪም አልትራሳውንዱን ተመልክቶ «ማዮማ ነው። 46 ዓመትሽ ነው፣ ሁለት ልጅ ወልደሻል። ማህፀኑ ይውጣ» አለኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። እስከዚያው አይረን ክኒን አዘዘልኝ።

ልብ በሉ፣ ማህፀን ማውጣት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለአንዳንዷ ሴት ትክክለኛው መፍትሔ እሱው ነው። እኔን የከነከነኝ ግን ከክኒኑ እስከ ቢላዋው ድረስ በመሀል ምንም የለም ወይ? የሚለው ነበር።

እንዳለ የነገረችኝ የድሮ ተማሪዬ ናት። አሁን ኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ሆናለች። «ቲቸር፣ ማዮማው የት ቦታ ላይ እንዳለ ነገሩዎት? መጠኑ ብቻ አይደለም እኮ፣ ቦታውም ይወስናል» አለችኝ። ድሮ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚያድግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው። ወደ ውጭ ያደገው ትልቅ ሆኖ እንኳ ደም ላያፈስ ይችላል። ወደ ውስጥ፣ ወደ ማህፀኑ ክፍተት የገባው ግን ትንሽ ሆኖም ሰው ይጥላል። የእኔ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ የገባው ግን ወደ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ ከማህፀኔ የውስጥ ግድግዳ ናሙና ወሰደች። በእኔ ዕድሜ እንዲህ ሲፈስ ካንሰር አለመኖሩ መጣራት አለበት። ውጤቱ ንጹህ ሆነ። ደሜ ከፍ እስኪል ጠበቅን። ከዚያ በሂስትሮስኮፒ ማዮማው ወጣ። ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በማህፀን በር ይገባል፤ ማህፀኑ በፈሳሽ ይወጠርና ውስጡ በስክሪን ይታያል፤ በዚያው መንገድ በገባ መቁረጫ ማዮማው እየተላጠ ይወጣል። ሆድ አይከፈትም፣ ስፌት የለም። ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ነበርኩ።

ይሄ ለሁሉም አይሆንም። የደም መብዛት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መፍትሔውም እንደዚያው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል፣ ደም በሚፈስባቸው ቀናት ብቻ የሚዋጥ ክኒን አለ። ሆርሞን ያለው ሉፕ አለ፤ የማህፀኑን ግድግዳ እያሳሳ ደሙን ለዓመታት ይቀንሳል። (ከመዳብ የሚሠራው ሉፕ ግን ደም ሊያበዛ ይችላል፣ አታምታቷቸው።) ከእንግዲህ መውለድ ለማትፈልግ ሴት የማህፀኑን የውስጥ ግድግዳ በሙቀት ማቃጠል አለ። ወደ ማዮማው ደም የሚወስደውን የደም ስር፣ በብሽሽት ወይም በእጅ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ መድፈንም አለ። ሁሉም በሁሉም ከተማ አይገኝም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ማዮማም ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። መኖሩን ያላወቀ ሰው ግን የት ይገኛል ብሎ እንኳ አይጠይቅም።

በቀደም የ16 ዓመት ልጄ «እማዬ፣ እኔም እንዳንቺ ነው የሚፈሰኝ» አለችኝ። በነጋታው ወስጄ ደሟን አስመረመርኩ። በእሷ ዕድሜ በዘር የሚተላለፍ የደም አለመርጋት ችግርም ሊሆን ይችላል፤ ለእሱም መድኃኒት አለው። ውጤቷን እየጠበቅን ነው።

እናንተ ግን ይቺን ያዙልኝ። ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የምትቀይር፣ ከ7 ቀን በላይ የሚፈሳት፣ ትልልቅ የረጋ ደም የሚወርዳት፣ ሌሊት ለመቀየር የምትነሳ ሴት ትመርመር። ካረጠች በኋላ ጠብታ እንኳ ያየች ደግሞ ነገ ዛሬ አትበል። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦

1. የሚፈሰኝ በምን ምክንያት ነው?
2. ማዮማ ከሆነ የት ቦታ ላይ ነው ያለው?
3. ማህፀኔ ሳይወጣ ምን ምን ማድረግ ይቻላል?

መልሱ በመጨረሻ «ይውጣ» ሊሆን ይችላል። ይሁን፤ አውቃችሁና መርጣችሁ ይሁን። ማፈር የለም፣ በኮመንት የከበዳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወንዶችም ጭምር።